ያልተከረከመው ቀጋ

ዛሬ ጠዋት መቀስ ይዤ አጥሩ ውስጥ እጄን ስሰድ የቀጋ እሾህ አውራ ጣቴን ያዘኝ። እንደ ድመት ጥፍር የታጠፈ ነው፤ ሲጎትቱት ይብሳል፣ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ መመለስ ነው። እኔ ደግሞ ቀስ ማለት አልተፈጠረልኝም። ደሜን እየመጠጥኩ አባቴ ትዝ አለኝ።

ቤታችን አዘዞ ነው። ቀጋውን እናቴ ከዳባት፣ ከወላጆቿ ደጅ ቆርጣ፣ በርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ በአውቶቡስ አመጣችው። የፈለገችው አበባውን ነበር፤ ነጭ፣ ባለ አምስት ቅጠል፣ ማለዳ መዓዛው ቤት ድረስ የሚገባ። ለከተሜው አባቴ ግን አጥር ብቻ ነበር። ከሥራ ሲመለስ ቦርሳውን ሳያስቀምጥ መቀሱን ያነሳል። ቀጭ፣ ቀጭ። አንድ ቀንበጥ ብቅ ካለ እንቅልፍ አይወስደውም።

«ምነው ብትተወው! ቀጋ የሚያብበው በከረመ ቅርንጫፍ ነው» ትለዋለች።

«ያልተከረከመ አጥር የጅብ ዋሻ ነው» ይላታል እየሳቀ።

እንዲህ ሲባባሉ እኔ አደግሁ። እናቴ መስከረም በጠባ ቁጥር ጎንበስ ብላ እምቡጥ ትፈልጋለች፤ የለም።

ከዚያ አባቴ ታሞ አልጋ ያዘ። መቀሱ በር ጀርባ ዛገ፤ ቀጋው ተመዞ ከመስኮቱ በላይ ሆነ። ከትምህርት ቤት ስመለስ መጀመሪያ የማየው እሱን ነበር። በረዘመ ቁጥር አባቴ አልተነሣም ማለት ነበር። አንድ ቀን ልቆርጠው መቀሱን ሳነሳ እናቴ ነጠቀችኝ።

«ተይው፤ ራሱ ተነሥቶ ይቆርጠዋል።»

አልተነሣም። ዓመት ዞረና አንድ ማለዳ የንብ ድምፅ ቀሰቀሰን። አጥሩ ነጭ ሆኗል። እናቴ መስኮቱን ከፈተች፤ ያን ሁሉ ዓመት የጠበቀችውን አበባ ግን አላየችውም፣ የምታየው አባቴን ነበር። እሱ ትራሱን ተደግፎ ብዙ አየ።

«ሸጋ ነው» አለ። «ለካ መቀሴ ነው የከለከለሽ።»

«አይደለም» አለች ብርድ ልብሱን እያስተካከለች። «ገና ልጅ ነበር፤ ዘንድሮ ነው ለአበባ የደረሰ።»

የቀጋው ፍሬ ሳይቀላ አባቴ አረፈ።

እናቴ ዛሬም ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች። አጥሩ እምቡጥ ይዟል። መቀሱንም ያስያዘችኝ እሷ ናት።

«ከርከም አድርጊው ልጄ» አለችኝ፤ «የአባትሽ አጥር ጫካ መሰለ።»