መሀል ላይ የተሰካችው ምልክት

ከሶስዳይክ ከተማ አለፍ ብሎ፣ የረጅም ርቀት የጠመንጃ ውድድር በሚደረግበት ነጭ የአሸዋ ሜዳ፣ የኢላማው ጉድጓድ አለቃ ዛሬ ዌቭኒ ናት። አዲስ የመጣ ሰው ሁሉ ይፈራታል፤ ቢፈራም አይፈረድበትም። ገና ሰላምታውን ሳይጨርስ ታፈጥበትና «ስማ፣ ደግነት የሚባል ነገር ይዘህ መጥተህ ከሆነ እላይ አስቀምጠው፤ ስትወጣ ትወስደዋለህ» ትለዋለች። እንግዳው ቀልድ መስሎት ይስቃል። እኛ የመንደሯ ሰዎች ግን ነገሩን ስለምናውቅ አንስቅም።

ዌቭኒ በሙያዋ ልብስ ሰፊ ናት። በመንደራችን የተማሪ ልብስ ለብሶ የሚታይ ልጅ ሁሉ በእሷ እጅ ያለፈ ነው። ከጠመንጃ ጋር ግን ተኳርፋ ነው ያደገችው። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ኩርፊያው ከጠመንጃው ጋር ሳይሆን ከባለቤቱ ጋር ነበር። ባለቤቱ የእንጀራ አባቷ ኮምፕተን ነው። እናቷን አግብቶ እዚያ ቤት ሲገባ የዌቭኒ የወተት ጥርስ ገና እየተነቃነቀ ነበር።

ደግ ሰው ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። መጋዝ ቤት ይሠራ ስለነበር የስፌት ጠረጴዛዋን ከማይነቅዝ እንጨት በገዛ እጁ ሠርቶላታል። ዝናብ ሲጥል ጃንጥላ ይዞ ትምህርት ቤቷ በር ላይ ይቆምላት ነበር። እሷ ጃንጥላውን ትቀበለውና ሌላ ሰው ይመስል ቀድማው ትሄዳለች። እሱ እየበሰበሰ ከኋላ ይከተላል። «አባባ» ብላው አታውቅም፤ «ሚስተር ኮምፕተን» ነው። አይ ልጅነት! ያውም እስከ አርባ ዓመት የሚዘልቅ ልጅነት!

ማታ ማታ ኮምፕተን በምሰሶ ላይ ከፍ ተደርጎ ከተሠራው ቤቱ ሥር ምንጣፍ ዘርግቶ በደረቱ ይተኛና በባዶ ጠመንጃ ይለማመዳል። ሁለቴ ይተነፍሳል፤ ሦስተኛውን ይይዘዋል፤ ከዚያ ረጅም ዝምታ ይሆንና፣ ጠቅ! ዌቭኒ እላይ ቤት ስፌቷን ይዛ ያቺን ዝምታ ስትጠብቅ ጥርሷን ትነክሳለች። «ይኸው፣ ደግሞ ተጋደመልሽ» ትላታለች እናቷን። እናትየዋ ስትሞት ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። አንድ ድስት ሩዝ ይካፈላሉ፤ ቃል ግን አይካፈሉም።

ታዲያ አንድ ዓመት በኢላማው ጉድጓድ ይሠሩ የነበሩት ወታደሮች ከእንግዲህ አይመጡም ተባለ። እያንዳንዱ ተኳሽ ከቤቱ ወይም ከጎረቤቱ አንድ ሰው ያምጣ ተብሎ ተወሰነ። ኮምፕተን መንደሩን ዞረ፤ እሺ የሚለው ጠፋ። «ጥይት በአናቴ ሲያልፍ ቀኑን ሙሉ ጉድጓድ ውስጥ ልቀመጥ? ምን በድዬህ ነው?» አለው አንዱ። ማታ እራት ላይ ይህን ሲያወራ ሊስቅ ሞከረና አቃተው። ዌቭኒ ሳህን እያጠበች ነበር።

«እኔ እሄዳለሁ» አለች፣ ፊቷን ሳታዞር።

ኮምፕተን ማንኪያውን አፉ አጠገብ እንደያዘ ቀረ። «አንቺ?»

«ምነው፣ እጅ የለኝም?»

«ኧረ አለሽ! ፀሐዩ እንዳይጎዳሽ ብዬ ነው።»

«ፀሐዩ የሚመታው እኔን ነው። እርሶ ሩዝዎን ይብሉ።»

ለምን እንዲህ እንዳለች ራሷም አታውቀውም። ምናልባት የሰውየው ሳቅ መሀል ላይ መቋረጡ አሳዝኗት ይሆናል።

የጉድጓዱን ሥራ ያስተማራት ሽማግሌው ቢስናውት ነው። በሸንኮራ እርሻ የውሃ ሞተር ሲጠብቅ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ምላሱ የማያርፍ ቀልደኛ ነበር። ጉድጓድ ይባል እንጂ ከትልቅ የአፈር ግድብ ጀርባ የተቆፈረ ረጅም የሲሚንቶ ቦይ ነው። ሠራተኛው ቦዩ ውስጥ ይቆማል። ኢላማው በእንጨት ፍሬም ተወጥሮ ከአናቱ በላይ ይወጣል፤ ሲስቡት ይወርዳል። ተኳሾቹ ከግድቡ ማዶ፣ ሰው ከቁጥቋጦ በማይለይበት ርቀት ተኝተዋል።

የመጀመሪያው ጥይት በአናቷ ላይ እንደ ጅራፍ ሲጮህ ዌቭኒ መሬት ላይ ተዘረረች።

«ተነሺ የኔ ልጅ» አላት ቢስናውት ሮቲ የሚባለውን ቂጣ እያኘከ። «የሰማሽው ጥይት አልፎሻል። የሚገድለው ያልሰማሽው ነው፤ እሱን ደግሞ ግድቡ ይይዘዋል።»

«ይሄ ማጽናኛ መሆኑ ነው፣ አጎቴ?»

«እኔን ይኸው እስካሁን አጽናንቶኛል!»

ከዚያ ሥራውን አሳያት። ጩኸቱን ስሚ። ከኢላማው ኋላ አሸዋው ሲዘል እዪ። ኢላማውን ሳቢና ቀዳዳውን ፈልጊ። ክቧን ምልክት ቀዳዳው ላይ ሰኪ፤ የፊተኛውን ቀዳዳ በወረቀትና በሙጫ ለጥፊ፤ መልሰሽ ስቀዪ። ጥቁሩ ላይ ጥቁር ወረቀት፣ ነጩ ላይ ነጭ። ቶሎ በይ፣ ማዶ ያለው ሰውዬ መነጽሩ ላይ ተተክሎ ይጠብቅሻል! «አንድ ሕግ ደግሞ አለ» አላት። «እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ዘመድ የለም። የማንን ኢላማ እንደያዝሽ አትጠይቂ፤ ብታውቂም አላወቅሽም።»

እጇ የልብስ ሰፊ እጅ ነው፤ ሥራው ወዲያው ገባት። ቢስናውት የለጠፈችውን ለሌሎቹ እያሳየ «እዩ እንጂ! ይቺን ቀዳዳ የወለደቻት ጥይት ተመልሳ ብትመጣ አታገኛትም» እያለ ያስቃቸዋል። ዌቭኒ እንዲህ ተመስግና አታውቅም ነበርና ደስ አላት።

ይበልጥ የገረማት ግን የቤቱ ነገር ነው። ኮምፕተን እራት ላይ «ዛሬ ነፋሱ እናንተ ጋ እንዴት ነበር?» ብሎ ይጠይቃት ጀመር። እሷም ትነግረዋለች። እሱ ይቀጥላል፤ እሷ ታቋርጠዋለች፤ አንድ ቀን እንዲያውም አብረው ሳቁ። ሁለቱም በሳቃቸው ደነገጡ። ያን ሁሉ ዘመን የሚያወሩት አጥተው ኖሮ፣ የሚያወሩት ነገር በአንድ የአሸዋ ጉድጓድ ተገኘ።

በዚያው ሰሞን ለውድድር ወደ ባርቤዶስ የሚሄደው ቡድን ሊመረጥ ሆነ። ኮምፕተን በዋዜማው ጠመንጃውን እየወለወለ «የመጨረሻዬ ነው» አላት። «ዓይኔን እጠረጥረዋለሁ፣ ዌቭኒ። የነፋሱ ባንዲራ ሲወጠርና ሲላላ ማየቴን እርግጠኛ መሆን አቃተኝ። አንዴ ብቻ ልሂድ፤ ከዚያ በቃኝ እላለሁ።» ዌቭኒ ሌሊቱን ሙሉ ይሂድልኝ፣ ይሂድልኝ ስትል አደረች። ለእሱ ስትለምን ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

ቢስናውት ከኮምፕተን ርቃ እንድትሠራ አንድ ጥግ ሰጥቷት ነበር። ጠዋት አንድ ተኳሽ ሲቀር ሰልፉ ተሸጋሸገና የማን ኢላማ ከማን እጅ እንደገባ ማንም ልብ አላለም። ዌቭኒ ግን በሁለተኛው ጥይት አወቀችው። ያ ዝምታ ነዋ! ከልጅነቷ ጀምሮ ጥርሷን ያስነከሳት ዝምታ። ሌላው ሁሉ ሲተኩስ እሱ ትንፋሹን ይዞ ይቆያል፤ ይቆያል፤ ከዚያ ጅራፉ ይጮሃል።

አተኳኮሱስ! መሀል፣ እንደገና መሀል፣ ትንሽ ዝቅ ብሎ እንደገና መሀል። ዌቭኒ በደስታ ትለጥፋለች። ከዚያ አንዱ ጥይት መጣ። ኢላማውን ስትስበው ጥቁሩ ላይ አዲስ ቀዳዳ የለም። ፈለገች፣ ፈለገች፤ በግራ በኩል፣ ከጥቁሩ በክንድ ርቆ ነጩ ላይ አገኘችው። ይቺ አንዲት ጥይት ታስቀረዋለች አለች በሆዷ።

ቢስናውት ከቦዩ ወዲያኛው ጫፍ ሙጫ ያፈሰሰ ሰው ላይ ይጮሃል። ጎረቤቷ ከራሷ ኢላማ ጋር እየታገለች ነው። ዌቭኒ ነጯን ወረቀት አንስታ ያንን ቀዳዳ ለጠፈችው። መሀል ላይ ቀድሞ የለጠፈችውን በጣቷ በሳችና ክቧን ምልክት እዚያ ሰካች። ከዚያ ሰቀለችው። ገበያ ላይ ሻጭ ሰፍሮ ሲያበቃ አንድ እፍኝ ምርቃት እንደሚጨምረው አድርጋ ነው ያየችው። ማን ተጎዳ? ምን ጎደለ? ደረቷ ቀለል አላት፤ እንዲያውም ፈገግ አለች።

ማዶ ያለው ዝምታ ከወትሮው ረዘመ። ከዚያ ጥይቱ ጮኸ፤ አሸዋው ግን ከእሷ ኢላማ ኋላ አልዘለለም። የጎረቤቷን ኢላማ ሲስቡት ሁለት ቀዳዳ ተገኘበት። «የማን ነው ይሄ እንግዳ?» አለች ጎረቤቷ። በሬዲዮ ሲጠያየቁ ቆዩና ቢስናውት «ሰባት ቁጥር፣ ባዶ!» ብሎ ጮኸ። ሰባት ቁጥር የዌቭኒ ነው። የሚቀጥለው ጥይት በቀኝ በኩል ጠርዝ መታ፤ ሌላው በግራ። መንገድ የጠፋበት ሰው አተኳኮስ ሆነ። ኮምፕተን ከቡድኑ ቀረ።

ምሳ ሰዓት አሸዋው ላይ ተቀምጠው አንዱ፣ «የሰባቱ ሰውዬ ነፋሱ ሲነሳ ምነው ማነጣጠሪያውን አላዞረም?» አለ።

«ምን ብሎ ያዞራል?» አለ ቢስናውት። «የፊተኛው ጥይት መሀል ነው ብለን አሳየነው። መሀል ያገኘ ሰው እጁን ሰብስቦ ይተኛል እንጂ የማነጣጠሪያውን ቁልፍ ይነካል?»

ዌቭኒ ሮቲዋን አስቀመጠች። «ምልክቷ... ለነጥቡ አይደለችም እንዴ?»

«ነጥብማ ትርፉ ነው! ተኳሹ ያችን ክብ አይቶ አይደል ነፋሱን የሚያውቀው? ግራ ካየ ወደ ቀኝ ያዞራል፤ ቀኝ ካየ ወደ ግራ። ጥይቱ ከሄደ በኋላ ዓይኑ እኛ ነን።» ሽማግሌው ፊቷን አየና ማኘኩን ተወ። «አልነገርኩሽም እንዴ? ወይ ጉዴ! እዚህ የሚመጣው ሁሉ ተኩሶ የሚያውቅ ስለሆነ ይህን አስተምሬ አላውቅም። ምነው፣ ምን ሆንሽ?»

«ምንም» አለች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች፤ የጣለችው ደግሞ የራሷን አልነበረም።

በፒካፑ ሲመለሱ የሚነዳው ኮምፕተን ነበር። መንገዱን እያየ እንዲህ አለ፦ «ባንዲራው ተወጥሮ ታየኝ። ላዞር እጄን ልኬ ነበር። ግን የፊተኛው ጥይት መሀል ነው። ጉድጓዱ ዋሽቶኝ አያውቅም፤ እንግዲህ የዋሸኝ ዓይኔ ነው ማለት ነው።»

ያኔ ነበር መናገር! ግን በስንት ዓመት የተገነባ ኩርፊያ በእራት ወሬ ፈርሶ፣ እንደገና በአንድ ቃል ይገነባል ብላ ፈራች። ነገ እነግረዋለሁ አለች። ነገ ሲሉት ነገር ደግሞ ታውቁታላችሁ።

ሳምንት ሳይሞላ ጠመንጃውን ለአንድ የቤርቢስ ወጣት ተኳሽ ሰጠው። ቀጥሎ መጋዝ ቤቱን ተወ። «ባንዲራ ሳይወጠር የተወጠረ የሚመስለው ሰው ከሚሽከረከር መጋዝ ፊት አይቆምም» አለ። ከቤቱ ሥር የገመድ አልጋ ላይ ተቀምጦ ይውል ጀመር። ዌቭኒ ጎትታ ጆርጅታውን ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ሐኪሙ ለዕድሜው ደህና ዓይን ነው ቢለው «ሐኪም ፊደል ያስነብባል እንጂ ነፋስ አያስነብብም» ብሎ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ዝም ማለት ሰውየውን በቁሙ መቅበር ሆነባት።

አንድ ከሰዓት በኋላ ስፌቷን ትታ ወረደችና ከፊቱ ቆመች።

«ያቺ መሀል የተሰካችው ምልክት ውሸት ናት» አለችው። «ጥይቱ የወደቀው ግራ፣ ነጩ ላይ ነው። ኢላማው የእርሶ እንደሆነ አውቄ እኔ ነኝ ያዛወርኳት።»

ኮምፕተን ቀስ ብሎ ከገመድ አልጋው ላይ እግሩን አወረደ።

«ባንዲራው ተወጥሮ ነበር?»

«ተወጥሮ ነበር።»

«አይቼዋለሁ እኮ» አለ። እንደገና፣ ለራሱ፣ «አይቼዋለሁ» አለ። ሐኪሙ ደህና ነው ያላት ዓይኑ እንባ ሞላች። «ምን ብለሽ ነው?»

«እንዲሄዱ ፈልጌ። ምልክቷ እንደምትመራዎት አላወቅኩም።»

«ለእኔ ብለሽ?»

«ለእርሶ ብዬ።» አለቀሰች። «ቤርቢስ ሄጄ ጠመንጃውን ላምጣ። መጋዝ ቤቱንም እኔ እለምናቸዋለሁ።»

«ተይው። ልጁ ለምዶታል፤ መጋዙም ላይ ሌላ ሰው ቆሟል።» አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር። ዘንበል ብሎ እጇን ያዘ፤ ሙጫ ያልለቀቃት እጇን። «እናትሽ ቤት ከገባሁበት ቀን ጀምሮ አንዲት ነገር ለእኔ ብለሽ እንድታደርጊ ስጠብቅ ኖሬያለሁ፣ ዌቭኒ። ምን አለ ያን ቀን እንኳ እንደ ወትሮሽ እንደ ባዕድ ባየሽኝ?»