አበባ ነው የማበቅለው

ሰመረኣብ ሥራው ምን እንደሆነ ለጠየቀው ሁሉ «አበባ እርሻ» ይል ነበር። ውሸት አይደለም። ዴንቨር ውስጥ መስኮት በሌለው መጋዘን ሕጋዊ ካናቢስ፣ ማለትም ማሪዋና፣ ያበቅላል፤ አለቆቹ ራሳቸው «ፍላወር» ነው የሚሉት። በአማርኛ ሲባል ግን ጽጌረዳ ይመስላል፤ እሱም አያርምም። እንዲያውም እሱ በሚኖርበት፣ ከዴንቨር ጥግ ባለችው ኦሮራ ከተማ ጎረቤቱ የሆነችው ሠርካዲስ ለልጇ ሠርግ አበባ አምጣልኝ ብላው፣ ከሱፐርማርኬት ገዝቶ ነው የተገላገለው።

ሥራውን ይወደዋል። አበባው ሊቆረጥ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አለቆቹ የሚበቅልበትን ክፍል ከእሱ በቀር ለማንም አምነው አይሰጡም። ያኔ አበባው ይወፍራል፣ ይጠጥራል፤ እርጥበት ከበዛበት ላዩ እንዳማረ ውስጡ ይሻግታል። ስለዚህ ሰመረኣብ እርጥበቱን ወደ አርባ በመቶ ያወርዳል፤ ሙቀቱን መብራት ሲበራ ሰባ አምስት፣ ሲጠፋ ስድሳ አምስት ፋራናይት ላይ ይይዛል። በአራት ዓመት አንድም ክፍል ሻግቶበት አያውቅም።

በፈረንጆቹ 2018 ለዜግነት ሊያመለክት ተነሣ። የፈለገው አንድ ነገር ነው፤ አዲስ አበባ ብቻቸውን የቀሩትን የሰባ ስምንት ዓመት እናቱን ማምጣት። በግሪን ካርድ እናትን ማምጣት አይቻልም፤ ዜጋ መሆን ያስፈልጋል።

ታክሲ የሚነዳው ጓደኛው ንዋይ ግን ተቆጣ። «ስማ፣ ስቴቱ ፈቀደ ማለት ፌደራሉ ፈቀደ ማለት አይደለም፤ ዜግነት የሚሰጠው ደግሞ ፌደራሉ ነው። ሎየር ሳታማክር አፕላይ እንዳታደርግ!»

«ታክስ እከፍልበታለሁ እኮ» አለ ሰመረኣብ። «ደግሞ ከጠየቁኝ አበባ ነው የምላቸው።»

አመለከተ፤ የቃለ መጠይቁ ቀጠሮ ደረሰ። የኢሚግሬሽን ኦፊሰሩ ቀኝ እጁን አስነሥቶ አስማለው፤ ሥራውን ሲጠይቀው ሰመረኣብ «አበባ እርሻ» አለ። ኦፊሰሩ ደግ ሰው ነበር፤ ጉዳቱም የመጣው ከዚሁ ደግነት ነው። «አበባ? የሚስቴ ጽጌረዳ እኮ ሊፈነዳ ሲል ይሻግታል፤ ምን ይሻለዋል?» አለው።

ስለ ሥራው እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው ኖሮ አያውቅም። ሰመረኣብ ደስ አለው፤ አፉ ተፈታ። አርባ በመቶውን፣ ሰባ አምስቱን፣ ማራገቢያውን፣ መብራት ሲጠፋ እርጥበቱ እንዴት እንደሚዘል አንድ በአንድ ዘረዘረለት። ኦፊሰሩ ቀስ ብሎ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ይሄ ጽጌረዳ አይደለም፣ አይደል?»

ምሏል። «አይደለም» አለ።

በሁለት ወሩ ደብዳቤ መጣ፤ ዜግነቱ ተከልክሏል። ንዋይ ያገናኘው ጠበቃ ደብዳቤውን አንብቦ፣ ሥራው በፌደራል ሕግ ወንጀል ስለሆነ ዛሬ ቢለቀው እንኳ ያለፈው አራት ዓመት እንደማይፋቅ ነገረው። ሰመረኣብ በማግስቱ ሥራ ገባ። ሌላ ምን ያድርግ? የክፍሉ እርጥበት ሃምሳ ሁለት ደርሶ ነበር፤ የእርጥበት ማድረቂያ ማሽኑን አርባ ላይ አደረገው፤ ቁጥሩም እሺ ብሎ ወረደ። ከዚህ ማሽን በቀር የሚታዘዝለት ነገር ያለ አልመሰለውም።

በምሳ ሰዓት ለእናቱ ደወለ። «አደይ፣ አልፈቀዱልኝም።»

«እንዴት? ምን አጥፍተህ?»

ምን ብሎ ያስረዳቸው? እናቱ አሰቡ፣ አሰቡና ተቆጡ።

«ባዶ እጅህን ሄደህ ነዋ! ከዚያ ሁሉ እርሻ አንድ እቅፍ አበባ ይዘህላቸው ብትሄድ ምን ነበረበት?»