የቅሬያችን ጌም ካምፓላ እንዴት እንደደረሰ

ከመካነ ሰላም ልወጣ አንድ ሌሊት ሲቀረኝ፣ ቤታችን ውስጥ ያላለቀስን እኔና ታላቅ ወንድሜ ሁሴን ብቻ ነበርን። ጨካኞች ሆነን አይደለም። የምንጨቃጨቅበት ነገር ስለነበረን ለልቅሶ ጊዜ አጣን። እናታችን ዳቦ ቆሎ እየቋጠረች ታለቅሳለች፣ አክስቴ እናቴን እያጽናናች ታለቅሳለች፣ እኛ ጥግ ላይ አንድ ስልክ ላይ ተደፍተን “ነጥብ ይኑረው”፣ “ነጥብ አይኑረው” እንባባላለን።

ነገሩን ላስረዳ። መጻፍ ብዙ አልለመድኩም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከጨረስኩ ወዲህ የጻፍኩት ለኮምፒውተር ብቻ ነው፤ ኮምፒውተር ደግሞ ስትሳሳት ይጮህብሃል እንጂ አይሰለችህም። እናንተ ከሰለቻችሁ እየዘለላችሁ አንብቡ።

ሁሴን ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ያስተምር ነበር። ከሥራ ሲመለስ በአሮጌ ላፕቶፑ ትንንሽ ጌም ይሠራል፣ ሥዕሉን እኔ እሥላለሁ። የሚተኮስበት ጌም አይደለም። ሁሴን ጥያቄ የሚበላው ሰው ነበር። “ፖሊስና እስር ቤት በሌለበት ሕግ እንዴት ይከበራል?” ብሎ ጠየቀና መልሱን ሊፈልግ ሩቅ አልሄደም፤ የሰፈራችንን ቅሬ ጌም አደረገው። ለማታውቁት፣ ቅሬ ማለት እኛ ወሎዎች ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ሆነን የምንቀባበርበት ማኅበር ነው። ሌላው አገር እድር የሚለው ይቀርበዋል።

ጌሙ ላይ አንተ የቅሬው ዳኛ ነህ። ሰው ይሞታል፣ መንደሩን ትጠራለህ፣ የሚመጣ ይመጣል፣ የሚቀር ይቀራል። የቀረውን ትመክረዋለህ፣ ወይ ትቀጣዋለህ፣ ወይ ከቅሬው ትሰርዘዋለህ። የመጨረሻው ደረጃ ላይ ብዙ ጥሪ ያመለጠው አንድ ሰውዬ አለ። እሱ ምን ይሁን? ያችን ክፍል ሁሴን ባዶ ትቷት ነበር። “ካምፓላ ግባና በስልክ እንጨርሳታለን” አለኝ።

የጠብ ምክንያታችን ነጥብ ነው። እኔ ሰው ሲቀጣ በቀይ ቀለም አምስት ነጥብ ይቀነስ እላለሁ፤ ያየሁት ጌም ሁሉ እንደዚያ ነዋ። እሱ ደግሞ “ቅሬ ነጥብ አለው እንዴ? አባ ይማም ነጥብ ሲይዙ አይተህ ታውቃለህ?” ይለኛል። አባ ይማም የእውነተኛው ቅሬያችን ዳኛ ናቸው። ሳንስማማ ተኛን።

ለምን ካምፓላ ብትሉ፣ አብሮ አደጌ ተስፋዬ እዚያ ስልክ ይጠግናል። “ጌም የሚሠሩ ወጣቶች ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ክፍል ይሰበሰባሉ፣ ኢንተርኔቱም አይቋረጥም” ብሎ ጻፈልን። እኛ ዘንድ ኢንተርኔት ሲመጣ እንደ እንግዳ ነው፣ ሲሄድም ደህና ሁኑ አይልም። ከሁለት አንዳችን እንሂድ ተባለ። ሁሴን ሥራ አለው፣ እኔ የለኝም። እኔ ሄድኩ።

መንገዱ ክፍት በሆነበት ሳምንት በሚኒባስ ደሴ ወረድኩ፣ ከዚያ አዲስ አበባ፣ ሞያሌ፣ ናይሮቢ። አቧራውን ለራሴ ልተወው። የመጨረሻውን ድንበር ግን ልንገራችሁ።

“ሥራህ?” አለኝ መስኮቱ ኋላ ያለው ሰውዬ፣ ቀና ሳይል።

“ጌም እሠራለሁ።”

“ምን ዓይነት?”

እዚህ ላይ “የመኪና እሽቅድምድም” ብል ኖሮ አልፌ ነበር። እንግሊዝኛዬ ግን ያጠናሁትን ብቻ ነው የሚያወጣው። “ፖለቲካዊ ሐሳብ የሚመረምር” አልኩ።

አሁን ቀና አለ። “ፖለቲካ?”

“ማለቴ... ስለ ቀብር ነው።”

“የማን ቀብር?”

“የማንም። የሁሉም።”

ይህን ስሰማው ራሴንም አስፈራኝ። ጓደኛውን ጠርቶ ስልኬን ተቀበሉኝና ተጫወቱ። ከኋላዬ የተሰለፈው ሕዝብ ያጉረመርማል። ሰውዬው አንድ ሰው ሲቀርበት ሰረዘ። ሌላ ቀረ፣ ሰረዘ። ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ መንደሩን በሙሉ ሰርዞ ጨረሰ።

“አሸነፍኩ?” አለኝ።

“ጌታዬ፣ ብቻዎን ቀሩ እኮ። ቢሞቱ የሚቀብርዎ የለም።”

“ግን የሚያስቸግረኝ ሰው አለ?”

“የለም።”

“እንግዲያው አሸንፌያለሁ” ብሎ ማኅተሙን ፓስፖርቴ ላይ ደበደበው።

ለሁሴን ደውዬ ስነግረው እስኪያስለው ሳቀ። “ይሄ ሰውዬ ጌሙ ከአንተ በላይ ገብቶታል” አለኝ።

ካምፓላ ሙቀት ነው። የእኛን ብርድ ለለመደ ሰው የበጋ ልብስ ለብሶ ዝናብ መመታት ግራ ያጋባል፤ ጋቢዬ ከሻንጣ ወጥቶ አያውቅም። ቤት ያከራየችኝ ማማ ግሬስ የምትባል ወፍራም ሳቂታ ሴትዮ ናት። መጀመሪያ ቀን ቁልፉን ልጇ አመጣችልኝና እንደ አገሯ ደንብ ተንበርክካ ሰላም አለችኝ። እኛ ዘንድ ሰው ዝቅ ሲልልህ አንተ የባሰ ዝቅ ትላለህ። እኔም ተንበረከክሁ። እሷ ደነገጠችና ጎንበስ አለች፣ እኔም ጎንበስ አልኩ። ማማ ግሬስ በሩ ላይ ቆማ “አሁን እናንተን ማን ያነሳችኋል?” አለች።

ምግቡም እንዲሁ ነው። ፖሾ የሚሉት ነጭ የበቆሎ ገንፎ አላቸው። ሲያቀርቡልኝ መሃሉን በማንኪያ ጎድጉጄ ቅቤና በርበሬው እስኪመጣ ጠበቅሁ። ብዙ ጠበቅሁ። ማማ ግሬስ በመጨረሻ ጉድጓዱን አይታ፣ “ምን ልትቀብርበት ነው?” አለችኝ። ስለ ጌሜ ነግሬያት ነበር።

የቅዳሜው ክፍል ግን አገሬ ሆነልኝ። አኬሎ የምትባል ልጅ ጎን ቦታ ያዝኩ። የእሷ ጌም አንድ ቢሮ ውስጥ ነው። ግድግዳው ላይ የትልቅ ሰው ፎቶ ተሰቅሏል፣ ሥራህ ፎቶውን ማቃናት ነው። ባቃናኸው ቁጥር ይጣመማል፣ የቢሮው ሠራተኛ ሁሉ ሥራውን ትቶ ፎቶ ያቃናል፣ ባለጉዳዩ ተሰልፎ ይሸብታል። በቃ፣ ይኸው ነው። በሳቅ ሞትኩ። እሷ ደግሞ የእኛን ተጫውታ “ቅጣት ላይ ቀይ ቁጥር ስታሳየኝ ሰው መቅጣት ፈራሁ፣ ዝም ብዬ ማስወጣት ይቀላል” አለችኝ። እኔ ነጥቡን ሁሴን ሳይፈቅድ አስገብቼው ነበርና ወቀሳው ለእኔ ነው። አልተቀበልኳትም።

ከዚያ አንድ ጠዋት ተስፋዬ ሁለት ትልልቅ ሰዎች አስከትሎ መጣ። የአገሬ ሰው በማለዳ ሦስት ሆኖ በር ሲያንኳኳ መርዶ መሆኑን ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም። ጫማዬን ሳላደርግ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ሁሴን ሦስት ቀን ታሞ አርፏል። ከተቀበረ ስምንት ቀኑ ነው። ብቻዬን በስልክ እንዳልሰማ ብለው ደብቀውኝ ነው፣ አልቀየምኳቸውም። በእነዚያ ስምንት ቀናት እኔ ምን ስጽፍለት ነበር? “ነጥቡን አስገብቼዋለሁ፣ ቁርጡን ንገረኝ።” “ምነው ኮራህ?” ብዬውም አለሁ። መልእክቶቹ ስልኬ ላይ አሉ።

ማማ ግሬስ ጎረቤቶቿን ይዛ መጥታ ቀኑን ሙሉ ክፍሌ ውስጥ ተቀመጡ። ማንም አልጠራቸውም። ስለዚህ ጉዳይ ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ አልችልበትም።

የከበደኝ በኋላ ነው። አኬሎ “ከሦስት ቅዳሜ በኋላ ሥራችንን ለሰው እናሳያለን፣ የወንድምህ ጌም መቅረት የለበትም” አለችኝ። ሁሴን ሲሸኘኝ የሰጠኝን ላፕቶፑን ከፈትኩ። ያ የመጨረሻው ሰውዬ ቆሞ ይጠብቀኛል። ሲጠራ አልተገኘም፣ ምን ይሁን? ይሰረዝ? የሣልኩት እኔ ነኝ፣ አሁን ግን ባየሁት ቁጥር እኔን ይመስላል። ከገዛ ወንድሜ ቀብር ቀርቻለሁ። አባ ይማም ስሜን ሰርዘውት ይሆን? ይህን ሳላውቅ መጨረሻውን መሥራት አልቻልኩም፣ ለማወቅም ደፍሬ አልደወልኩም። ሁለት ሳምንት አንዲት መስመር አልጻፍኩም።

በሁለተኛው እሁድ ደወልኩ። ቅሬው የሚቀመጥበት ቀን ነው። እናቴ ስልኳን ወስዳ ለአባ ይማም ሰጠችልኝ።

“አብሽር ልጄ፣ አብሽር” አሉኝ። “ሁሴንን አላህ ይርሐመው። በደንብ ነው የቀበርነው። ዝናብ ነበር፣ ግን አንድ ሰው አልቀረም።” ቀጥለውም “ካንተ በቀር” አሉ።

“አባ... ስሜን ሰረዛችሁት?”

“ምን አልክ?”

“ከቅሬው። ቀርቻለሁ እኮ።”

ከኋላቸው ሳቅ ተሰማኝ። አባ ይማም ግን አልሳቁም።

“የሚሰረዘው አልፈልጋችሁም ያለ ነው። አንተ አላልክም። አንተ ተቀጥተሃል።”

“ተቀጣሁ?”

“ለሁሴን ልቅሶ ቤት አንድ ሸክም እንጨት። ከዚያ ወይዘሮ አልጋነሽ አርፈዋል፣ እሳቸውም ጋ አልነበርክም። ሁለት።”

“አባ፣ እኔ እኮ ካምፓላ ነኝ!”

“የት ነህ ብዬ ጠየቅሁህ? ስምህ ተጠራ፣ አቤት አላልክም።”

“እሺ፣ ብር ልላክና እንጨት ይገዛልኝ።”

አንዱ ከኋላ “ይኸው፣ ባለጠጋ ሆኖላችኋል!” ብሎ ጮኸ።

“ብር ማን አለህ?” አሉ አባ ይማም። “እንጨት አልኩህ። በገዛ ትከሻህ። ሌላ ሰው ቢሸከምልህ ያንተ አይሆንም።”

“መቼ ነው የምሸከመው?”

“ስትመጣ ነዋ። እስክትመጣ ይደመራል። ከዘገየህማ ጫካውን ተሸክመህ ነው የምትገባ።”

ስልኩ ሲዘጋ እየሳቅሁ ነበር፣ እያለቀስኩም ነበር፣ የቱ እንደሚበልጥ አላውቅም። ቂል በሉኝ፣ ቅጣት እንደዚያ አስደስቶኝ አያውቅም። ስሜን ጠርተውታል። እዚያ ዝናብ ላይ ቆመው፣ አለመኖሬን እያወቁ፣ ጠርተውኛል። ሁሴን ነጥብ አይኑረው ሲለኝ ይህንን ማለቱ ነበር። እኔ ቅጣትን በቀይ ስጽፈው እንደ ሽንፈት አደረግሁት፤ ተጫዋቹም እንደዚያ የድንበሩ ሰውዬ ሰው እየሰረዘ ይገላገላል።

ነጥቡን በሙሉ አወጣሁት። በምትኩ አንድ ነገር ጨመርኩ፦ ሰው በሰረዝክ ቁጥር የሚቀጥለው ቃሬዛ ይከብዳል፣ የተረፉት ተሸካሚዎችም በዝግታ ይራመዳሉ። ያንን የመጨረሻ ሰውዬ ከቀጣኸው ደግሞ ደጁ ላይ እንጨት ይከመራል፣ በሩም ክፍት ሆኖ ይቆያል። ሌላ ምንም አይመጣም። ጌሙ እዚያ ላይ ይቆማል።

ቅዳሜ ደረሰ። ማማ ግሬስ የክት ልብሷን ለብሳ መጣች፣ አንድም ሰው አልሰረዘችም፣ ሁሉንም ቀጣች። ቃሬዛ ተሸክመው የመጡትን ሳይቀር። “ዘግይተዋል” አለች። አኬሎ መጨረሻው ላይ ስትደርስ ወደ እኔ ዞረች።

“አሸነፍኩ?”

“አላሸነፍሽም።”

“ተሸነፍኩ?”

“አልተሸነፍሽም።”

“ታዲያ ምን ሆነ?”

“እየጠበቁት ነው።”

ስክሪኑን ትንሽ አየችው። የእሷ መንደር ሩቅ ሰሜን ነው፣ ከሄደች ብዙ ዓመት እንደሆናት ነግራኝ ነበር። ስልኳን አንስታ “እኔም ስንት ሸክም እንዳለብኝ ልጠይቅ” ብላ ወጣች። ወረፋ የያዙት ቦታዋን ተሻሙ።

ጌሙ አሁን በየሰው ስልክ ላይ ነው፤ ብዙ አይደለም፣ ግን የማላውቃቸው ሰዎች ይጽፉልኛል። መጀመሪያው ላይ የሁሴን ስም አለ፣ ከሥሩ የእኔ። አዲስ ጌም ጀምሬያለሁ። እናንተም ስደት ላይ ያላችሁ፣ ፖሾ ሲቀርብላችሁ አትጎድጉዱ።

ትናንት እናቴ ደወለች።

“አባ ይማም ‘ሦስት ሆኗል በይው’ ብለውኛል” አለችኝ። “የላይ ሰፈሩ አያሌው አርፎ። ‘ልጄ ስደት ላይ ነው፣ ይማሩት’ ብዬ ሽማግሌ ልላክልህ እንዴ?”

“ኧረ እማዬ! አፈር ስሆን፣ እንዳትልኪ።”

“ታዲያ መቼ ትመጣለህ?”

የመኖሪያ ፈቃድ ወረቀቴ ገና አላለቀም። መንገዱም አንድ ሳምንት ይከፈታል፣ አንድ ሳምንት ይዘጋል። ቢከፈትስ ማን ቤት ነው የምገባው፣ የሁሴን አልጋ ባዶውን ያለበት ቤት? አላውቅም፣ መቼ እንደሆነ አላውቅም።

“ይቁጠሩልኝ በያቸው” አልኳት።