ያልነደፉኝ ንቦች

ከሰፈሬ ከፉሪ በወጣሁበት ምሽት ዝናቡ ከቀትር ጀምሮ አላባራም ነበር። የጠራነው ታክሲ ጭቃውን አይቶ ደጃፋችን ድረስ አልመጣም፤ ከአስፋልቱ ዳር ቆሞ ክላክስ ይነፋል። ፓስተራችን ደግሞ ለመንገዴ ሊጸልዩልኝ መጥተው፣ ከአዳም ጀምረው ገና ኖኅ ላይ ደርሰዋል። ክላክሱ ለሦስተኛ ጊዜ ሲጮህ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ "ጌታ ሆይ፣ ለዚህ ሹፌርም ትዕግሥት ስጠው" አሉ። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። በጸሎት መካከል መሳቅ ተገቢ ነው ብዬ አላምንም።

በሩ ሥር የቆመችው ልጄ ሕይወትም ሳቀች። እኔና እሷ ከተነጋገርን አሥር ወር ሞልቶን ነበር።

ይህን ሳልናገር ወደ ውጭ አገሩ ወሬ ብዘልል የተረፈው ሁሉ ውሸት ይሆንብኛል። ሕይወት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወደቀች። ውጤቱ የመጣ ዕለት ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በፍሬም አሠርቼ ሳሎን የሰቀልኩላትን ሰርተፊኬቶች አንድ በአንድ አውርጄ ካርቶን ውስጥ ከተትኳቸው። ግድግዳው ላይ ሚስማሮቹ ብቻ ቀሩ። ከዚያ በኋላ የምላትን ሁሉ በእናቷ በአስቴር በኩል ነበር የምላት። የውጭ ትምህርቱ ዕድል ሲመጣልኝም፣ "በዚያ ሚስማር ላይ የራሴን ሰርተፊኬት እሰቅላለሁ፤ ትምህርት ማለት ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ታያለች" አልኩ። ይህንንም ያልኩት ለአስቴር ነው፤ ሕይወት እዚያው ተቀምጣ።

እኔ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። እንግሊዝኛውን ከመዝገበ ቃላት፣ ንብ ማነቡን ከአባቴና ከንቦቹ ከራሳቸው ተማርኩ። ከቤቴ ጀርባ አሥራ አንድ ቀፎ አለኝ። የማር አምራቾች ማኅበራችን ለስድስት ሳምንት የክረምት ኮርስ ወደ ስሎቬኒያ የሚልከው ሰው ሲፈልግ፣ በእንግሊዝኛ ደብዳቤ መጻፍ የቻልኩት እኔ ስለነበርኩ ተመረጥኩ።

እዚያ ስደርስ የአውሮፕላን ማረፊያው መኮንን ፓስፖርቴን አየ፤ ቀጥሎ ሽበቴን አየ።

"የመጣህበት ምክንያት?"

"ለመማር።"

"ምን?"

"ስለ ንብ።"

"አገርህ ንብ የለም?"

"ሞልቷል። ቪዛ ያገኘሁት ግን እኔ ብቻ ነኝ።"

መቀለዴ አልነበረም፤ ከማኅበራችን በእርግጥ እኔ ብቻ ነበርኩ። እሱ ግን ሻንጣዬን አስከፈተኝ። ወፍራም ካፖርት፣ የጎማ ቦት ጫማ፣ ጋቢ፣ ጃንጥላ፣ ከሥር ደግሞ ንብ የማጨስበት ቆርቆሮ ማጨሻዬ። አንስቶ አሸተተው።

"ውስጡ ምን ይነድበታል?"

"ኩበት።"

"ኩበት ምንድን ነው?"

እንግሊዝኛውን የማላውቀውን ነገር በሌላ ቃል ማስረዳት ከመዝገበ ቃላቴ ተምሬአለሁ። "የደረቀ የላም እዳሪ" አልኩት። ማጨሻውን በሁለት ጣቱ ይዞ መለሰልኝና፣ "እንኳን ደህና መጣህ" አለኝ።

ሻንጣዬን ያዘጋጀሁት ሐምሌ ነው ብዬ ነው። ሐምሌ ማለት ለእኔ ጭቃና ብርድ ነው። እዚያ ግን ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፣ ሽማግሌው ሳይቀር በቁምጣ ይሄዳል፣ እኔ ግን የተከፈተው ሻንጣ አልገጥም ብሎኝ ካፖርት በክንዴ፣ ቦት ጫማ በእግሬ። ጃንጥላዬን ለፀሐይ ዘረጋሁት። እንዲህ ሆኜ ነው ያከራየችኝ ባልቴት ደጅ የደረስኩት።

ወይዘሮ ማሪያ ትባላለች። ከበሩ ሳላልፍ ጫማዬን አስወልቃ ነጠላ ጫማ ሰጠችኝ፤ ይህንን ወደድኩት፣ ሥርዓት ነው። ሕጎቿንም ነገረችኝ፦ ከማታ ሁለት ሰዓት በኋላ ውኃ አይከፈትም፣ መስኮት ተከፍቶ አይታደርም፣ ዳቦ አይጣልም። ከእኔ የባሰች ሰው አየሁ ብዬ ተደሰትኩ። በማግስቱ ሽሮ ልሠራ ሽንኩርት ማቁላላት ስጀምር ጣሪያው ላይ ያለው ጭስ ጠቋሚ መሣሪያ ጩኸቱን ለቀቀው። ማሪያ ባልዲ ይዛ ሮጠች።

"እሳቱ የት ነው?"

"እሳት የለም እማማ። ሽንኩርት ነው።"

"ሽንኩርት ይህን ያህል ምን በድሎህ ነው?"

እሷ ሽንኩርት በዘይት ታለሰልሳለች እንጂ አታቁላላም። ሽሮውን በዳቦ አቀመስኳት፤ አለቀሰች፣ አፍንጫዋን ጠረገች። በሦስተኛው ቀን ግን ደረጃው ሥር ቆማ፣ "ዛሬ ያ ቀዩ የለም?" ስትል ሰማኋት።

የመጀመሪያው ትምህርት ዕለት ኮረብታ ላይ ያለ የእንጨት ቤት ወሰዱን። ቀፎዎቹ እንደ ቁም ሳጥን ግድግዳው ውስጥ ተደርድረዋል፣ የፊታቸው ሳንቃ በሥዕል ያሸበረቀ ነው። አንዱ ላይ ሰይጣን የአንዲት ሴትዮን ምላስ በሞረድ ይስላል። አስተማሪያችን ፍራንቼ በቁምጣና በባርኔጣ ነበር። ቀፎ የሚከፈተው ከመሸ በስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቅኩት። "አሁን" አለኝ፣ ፀሐይዋ አናታችን ላይ ሆና።

እናንተ የእኛን ንብ ታውቃላችሁ። በቀን ቀፎ የነካ ሰው ጎረቤቱን፣ የጎረቤቱን ውሻ፣ በመንገድ የሚያልፈውንም ያስነድፋል። ስለዚህ ሱሪ ላይ ሱሪ ደረብኩ፣ ነጩን ልብስ፣ ጓንቱን፣ ቦቱን፣ የፊት መረቡን ለበስኩ፣ ማጨሻዬንም ለኮስኩ። ዘወር ስል ተማሪው ሁሉ በካናቴራ ቆሟል። ከታንዛኒያ የመጣው ጁማ፣ "ምዜ፣ ከንቦቹ ጋር ጦርነት ታውጆ ነው?" አለኝ። ምዜ በእነሱ ቋንቋ ሽማግሌ ማለት ነው። ከጆርጂያ የመጣችው ኒኖ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷም ምዜ ትለኝ ነበር። ሁለቱም ከሕይወት ብዙም የማይበልጡ ልጆች ናቸው፤ ጓደኞቼ ሆኑ።

ፍራንቼ ባዶ እጁን ንቦቹ መሐል ከተተ። እጁ ላይ ይሄዳሉ፣ አይነድፉም። አላመንኩም። ለሳምንታት ባየውም አላመንኩም።

ቅዳሜ ሲመጣ እነ ጁማ ሽርሽር ይወጣሉ። እኔ ሽርሽር የጊዜ ብክነት ነው ብዬ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሕይወት አንድ ጊዜ ከክፍል ጓደኞቿ ጋር ቢሾፍቱ ሐይቅ ልትሄድ ጠይቃኝ፣ "ሐይቁ አይሸሽም፣ ትምህርቱ ግን ይሸሻል" ብዬ አስቀርቻታለሁ። ሁለተኛው ቅዳሜ ላይ ጁማ መዝገበ ቃላቴን ደበቀ። "አውቶቡስ ውስጥ እሰጥሃለሁ" አለኝ። ተከትዬው ወጣሁ፤ ሳልወድ ነው ብዬ አልዋሽም።

ሉብሊያና ላይ የዘንዶ ሐውልት የቆመበትን ድልድይ አየን፣ አይስክሬም በላን። እኔ ሁለት በላሁ። በሌላ ቅዳሜ በባቡር የሚገባበት የምድር ውስጥ ዋሻ ወሰዱኝ። ውስጡ እንደ እንጦጦ ንጋት ይበርዳል። ያ ሁሉ በቁምጣ የመጣ ሕዝብ ይንቀጠቀጣል፣ እኔ ካፖርቴን ለብሻለሁ።

"ምዜ፣ እንዴት አወቅክ?" አለች ኒኖ ጥርሷ እየተጋጨ።

"ሐምሌ ነዋ" አልኳት። ጋቢዬን አውጥቼ ለሁለቱ አለበስኳቸው። በአንድ ጋቢ ተጠቅልለው እየተደናቀፉ ሲሄዱ ሳቅኩ፤ ድምፄ ከዋሻው ተመልሶ ሲመጣ የማን እንደሆነ ለማወቅ ዘወር አልኩ።

ፈተናው በመጨረሻው ሳምንት ነበር። የጽሑፉን ስፈራ ከርሜ አለፍኩት። የተግባሩ ሕግ አጭር ነው፦ ቀፎውን ክፈት፣ ንግሥቲቱን አሳይ፣ ዝጋ፤ ጭስ ሁለት ጊዜ ብቻ። ከፈትኩ። ያ የማውቀው እምምታ ሲወጣ እጄ እኔን ሳይጠይቅ የማጨሻውን ወናፍ ተጫነ። አንድ፣ ሁለት። ደግሞ። ደግሞ። ንቦቹ ተደናግጠው እየተረጋገጡ ወደ ውስጥ ሮጡ። ንግሥቲቱን ብፈልግ አጣኋት።

ፍራንቼ እርሳሱን አስቀመጠ። "ስንቷ ነደፈችህ?"

"አንድም።"

"ታዲያ ይህ ሁሉ ጭስ?"

"ሊነድፉ ይችሉ ነበር።"

"ምንም አላደረጉህም እኮ" አለኝ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ሰርተፊኬት የሚሰጠው ላለፈ ነው፤ ለእኔ "ተሳትፏል" የሚል ደብዳቤ ሰጠኝ።

ደብዳቤውን አጥፌ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። በማግስቱ ጠዋት ጁማና ኒኖ ሳያንኳኩ ገቡ። ልጅ ወደ ትልቅ ሰው ክፍል ሳያንኳኳ መግባት የለበትም። ግራና ቀኝ ይዘው አነሱኝ፣ ብሌድ የሚባል ሐይቅ ወሰዱኝ። መካከሉ ላይ ደሴት አለ፣ ደሴቲቱ ላይ ቤተ ክርስቲያን፣ ውስጡ ገመዱ የተንጠለጠለ ደወል፤ ሰው ተመኝቶ ይደውለዋል። ምኞት ለደወል አይነገርም ብዬ ሰበክኳቸው። ከዚያ ገመዱን ስቤ ደወልኩት፤ ጁማ ከደወለው የበለጠ ጮኸ።

ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩና ቤት ደወልኩ። አስቴር አነሳች።

"ሕይወትን አቅርቢልኝ።"

"ማንን?"

"ልጄን።"

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲሻገር ሰማሁ።

"አቤት" አለች። አባዬ አላለችም።

"ፈተና ነበረኝ።"

"እማዬ ነግራኛለች።"

"ወደቅኩ።"

"የጽሑፉን?"

"የንቦቹን።"

"ንቦቹን? አንተ?" ልትስቅ ስትል ዋጠችው። "ማን ተቆጣህ?"

"ማንም። ጓደኞቼ ሐይቅ ወሰዱኝ።"

"ሐይቅ" አለች። ቢሾፍቱ ትዝ አለኝ።

ይቅርታ የሚለውን ቃል ለልጆቼ አስተምሬአለሁ እንጂ ለአንዳቸውም ብዬው አላውቅም። ያን ቀን አልኩት። ከአፌ ሲወጣ እንደ ባዕድ ቋንቋ ከበደኝ። ቀጥዬም፣ "ሰርተፊኬቶችሽን ከካርቶኑ አውጪና መልሰሽ ስቀያቸው" አልኳት።

"ሚስማሮቹ የሉም።"

"የት ሄዱ?"

"ነቀልኳቸው። ከእማዬ ጋር ሳሎኑን ቀለም ቀባነው።"

"ማንን አስፈቅዳችሁ?" አልኩ። አመለጠኝ። ከዚያ ማዶ ሳቁ መጣ፤ ያ የጸሎቱ ዕለት የሳቀችው ሳቅ፣ የእናቷም ታክሎበት። እኔም ሳቅኩ።

"እሺ፣ ምን ዓይነት ቀለም ነው?"

"ስትመጣ ታየዋለህ አባዬ።"

ጁማ ከታች ጀልባው ሊነሳ ነው እያለ ይጣራል። ጃንጥላዬን ይዤ ደረጃውን ወረድኩ። እስከ ማዶ ድረስ ሲቀዝፉ እነሱ ይዘፍናሉ፣ እኔ ቀለሙን እገምታለሁ።