በእህቴ እግር ቀናሁ

የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ፣ ወገኖቼ። ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ፈልጌ ነው ዛሬ የቆምኩት። ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ፤ ከኋላ ወንበር የምቀመጠው ዘውዲቱ ነኝ። መድረክ አልወድም። ቃል ስመርጥ ጊዜ ስለምፈጅ ጽፌው መጥቻለሁና ታገሡኝ።

የተወለድኩት ከዳባት ማዶ፣ ደጋ ላይ ነው። አፈሩ ቀይ ነው፤ በክረምት ጭቃው እግር ላይ ከተጣበቀ አይለቅም። ገና ልጅ ሳለሁ ቀኝ እግሬ ማበጥ ጀመረ። ዝሆኔ ነው። ያን ጊዜ ግን እርግማን ነው ይሉ ነበር። "የዘር ነው፤ የዚያን ቤት ሴቶች ማን ያገባል?" ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አባቴ ሰው እንዳያየኝ ብሎ ትምህርት ቤት ሳይልከኝ ቀረ። ፊደል የቆጠርኩት ጎንደር ከገባሁ በኋላ፣ ትልቅ ሴት ሆኜ፣ በማታ ትምህርት ነው። ቀሚሴን እስከ መሬት አስረዝሜ፣ እግሬን በነጠላ ቁራጭ ጠቅልዬ፣ ከሁሉ ቀድሜ ገብቼ ከሁሉ ኋላ እወጣ ነበር። ተመስገን ነው፣ ተማርኩ፤ ዛሬ የአንድ ትምህርት ቤት መጻሕፍት የምጠብቅ እኔ ነኝ።

ጌታንም ያገኘሁት በንባብ ይመስለኝ ነበር። አንብቤ አንብቤ ወደዚህ ጸሎት ቤት መጣሁ። በጥምቀት ትምህርት ላይ "ጸጋ ምንድን ነው?" ተብሎ ሲጠየቅ ቀድሜ እጄን አወጣሁ። "ለማይገባው ሰው የሚሰጥ ስጦታ" አልኩ። መልሱ ልክ ነበር። በልቤ ግን፣ ወገኖቼ፣ ለእኔስ ይገባኛል ነበር የምል። እንዲያ ለፍቼ!

የጌታ እራት በምንካፈልበት ቀን እግር ስንተጣጠብ አይታችሁኛል። ውኃ የማሞቅ እኔ፣ ፎጣ የማጥፍ እኔ፣ ተንበርክኬ የእናንተን እግር የማጥብ እኔ። "እህት ዘውዲቱ እንዴት ያለች ትሑት ናት!" ትሉ ነበር። ስሙን ወደድኩት። የእኔን እግር ግን ማንም አይቶት አያውቅም። ተራዬ ሲደርስ "ውኃው ቀዘቀዘ" ብዬ እነሣለሁ።

ከዚያ ታናሽ እህቴ ትርንጎ ከሀገር ቤት መጣች፤ ከእኔ ጋር ልትኖር። የእሷ ሁለቱም እግሮቿ አብጠዋል። ፊደል አልቆጠረችም፤ ስትስቅ ግን ከመንገድ ማዶ ትሰማለች። ወደዚህ ይዣት በመጣሁ በመጀመሪያው እሁድ፣ ጥሪ ሲደረግ ተነሥታ ጌታን ተቀበለች። በአንድ እሁድ! እቤት ስንገባ አላስቻለኝም።

"ምን ገብቶሽ ነው የተነሣሽ?" አልኳት።

"ይወድሻል አሉኛ፣ እትዬ። ምነው፣ እንቢ ልበል?"

ተምራ ተጠመቀች፤ የእግር መተጣጠቡም ቀን ደረሰ። ዝናብ ነበር። መቼም እንተዋወቃለን፤ ሁላችንም በዚያን ቀን ቤታችን ታጥበን፣ ቅባት ተቀብተን ነው የምንመጣው። ትርንጎ ግን የመንገዱን ጭቃ እንደረገጠች መጣች። ሸራ ጫማዋን አውልቃ ያን እግር ከነጭቃው ሳፋው ውስጥ ዶለችው።

"ውይ፣ ሙቀቱ ሸጋ ነው!" አለች።

ውኃው ደፈረሰ። ጤና ጣቢያ የምትሠራው እህታችን ሲስተር አልማዝ ተንበርክካ፣ እያለቀሰች አጠበቻት። እናንተም ከብባችሁ ሳማችኋት። ሃሌ ሉያ አላችሁ።

እኔ ፎጣ ይዤ ቆሜ ነበር። ቀናሁ። ሰው በባል ይቀናል፣ በቤት ይቀናል፤ እኔ በታመመ እግር ቀናሁ። "ጌታ ሆይ፣ ያ እግር እኮ እኔም ጋ አለ! ይህን ሁሉ ዘመን ውኃ ስሸከም እኔን ማን ሳመኝ?" አልኩት። በጸሎት ሳይሆን በቁጣ ነው ያልኩት።

ከዚያ ወዲያ ሲስተር አልማዝ ለትርንጎ የእግሯን አያያዝ አስተማረቻት፤ በየቀኑ በሳሙና መታጠብ፣ በረኪና ጠብ ያለበት ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ፣ አድርቆ ቫዝሊን መቀባት፣ ካልሲና ሰፊ ጫማ ማድረግ። እግሯ ይቀንስ ጀመር። ግቢ ውስጥ ተቀምጣ እየዘመረች ትታጠባለች፤ የመዝሙሩን ቃል ታዛባዋለች፤ እሱም ያናድደኛል። "እትዬ፣ ነይ እንጂ አንቺም" ስትለኝ "ሥራ አለብኝ" እላታለሁ። ሳሙናውን እየገዛሁ የማመጣ እኔ ነኝ፤ እግሬን ግን ጠቅልዬ እተኛለሁ።

አንድ ጠዋት እግሬ እንደ እሳት ነደደ። ትኩሳት አንቀጠቀጠኝ፤ መነሣት አቃተኝ። ትርንጎ ሮጣ ሲስተር አልማዝን ጠራቻት። ድምፅዋን ከደጅ ስሰማ "ቆዩ! እንዳትገቡ! መጀመሪያ ልጠበው!" ብዬ ጮኽኩ። ጆጉን ላነሣ ከአልጋዬ ስወርድ ወለሉ ላይ ወደቅሁ።

ትርንጎ ቀድማ ገብታ አነሣችኝ። ያን ሳቋን ሳቀች፤ እንባዋ ግን ይወርድ ነበር። "እትዬ፣ ሊያጥቡሽ መጥተው ታጥበሽ ልትጠብቂያቸው? ወዲያ ተኚ!"

ሲስተር አልማዝ አጠገቤ ተቀመጠች። "ምነው እህት ዘውዲቱ? የእኔን እግር ስንቴ አጥበሽ የራስሽን ደበቅሽኝ?"

"ይሸታል" አልኳት።

"ይሸታል። ስለሚሸት ነው የመጣሁት።"

ጌታ ይባረክ! የተጠቀለለውን የፈታችው፣ ያጠበችውም ትርንጎ ናት። የቀናሁባት እህቴ። ፊቴን በነጠላ ሸፈንኩ። እጄ ላይ ፎጣ የለም፣ ጆግ የለም፤ ለጌታ የማሳየው አንዳች ነገር የለኝም። በጥምቀት ትምህርት ስለ ጸጋ ቀድሜ የመለስኩት መልስ ያን ጊዜ ወደ ልቤ ወረደ። "ጌታ ሆይ፣ የሚገባኝ ነገር የለም፤ እንደዚሁ ተቀበለኝ" አልኩ። የተጠመቅሁት ቀደም ብሎ ነው፤ የዳንኩት ግን ያን ጠዋት ነው ብል አልዋሸሁም።

ሲስተር አልማዝ መድኃኒት ሰጥታኝ እንዲህ አለችኝ፤ "እርግማን አይደለም፣ በባዶ እግር የረገጥሽው አፈር ነው። ፈጽሞ እንደ ጥንቱ ላይሆን ይችላል። በደንብ ከያዝሽው ግን እብጠቱ ይጎድላል፤ ትኩሳቱም አይመላለስብሽም።" እውነት ሆነ። እነሆ፣ ጫማ አድርጌ በፊታችሁ ቆሜያለሁ። ስሙ ይክበር!

ቅናቱስ? ጨርሶ ሄደ ብዬ ብነግራችሁ ትርንጎ እዚያ ተቀምጣ ትስቅብኛለች። ባለፈው እሁድ ከበር ጀምራችሁ ስትስሟት ልቤ ጎመዘዘ። እቤት ስንገባ ነገርኳት።

"ቀናሁብሽ።"

"በምኔ? በዚህ እግር?" ብላ እስክትወድቅ ሳቀች። ከዚያ አብረን ጸለይን።

ወገኖቼ፣ የሚሸት ነገር ጠቅልላችሁ የተቀመጣችሁ ትኖራላችሁ። ሳጸዳው እመጣለሁ እያላችሁ ነው፤ እኔም እንዲሁ እል ነበር። ጌታ ጸድታችሁ እስክትመጡ አይጠብቅም፤ እሱ ነው የሚያጸዳው፣ እመኑት። ስብሰባው ሲበተን እዚያ ከኋላ ወንበር እቆያለሁ። ማሳየት ያፈረ ሰው ካለ ይምጣ፤ መጀመሪያ የእኔን አሳየዋለሁ።