አረንጓዴ ሆድ ያለው ደመና

የልጅ ልጄ ትናንት ከትምህርት ቤት መጥታ የደመናን ቀለም ታስረዳኝ ጀመር። ነገሩ ሁሉ ብርሃን ነው አለችኝ፤ ስሱ ደመና ብርሃኑን በትኖ ነጭ ይሆናል፣ ወፍራሙ አላሳልፍ ሲል ይጠቁራል፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደግሞ ብርሃኗ ብዙ አየር አቋርጦ ስለሚመጣ ይቀላል። ጎበዝ ናት። አንገቴን እየነቀነቅሁ ሰማኋት። በመስኮቱ በኩል ግን ከእስቴ ተራሮች ላይ የተቆለለውን ደመና አየሁና ልቤ ድንግጥ አለ።

በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ ከወገዳ ወረድ ብሎ ባለው መንደራችን። አባቴ በሁዳዴ ሞቶ እናቴና እኔ ብቻችንን ቀርተናል። ጥቅምት ላይ ገብሳችን ደረሰ፤ ጎረቤት ተሰብስቦ የሚያጭድልን የወንፈል ተራችን ግን ገና ነበር። እናቴ ደመና ታውቃለች። ባዘቶ የመሰለው አያስፈራም፣ ጥቁሩ ዝናብ ነው፤ ሆዱ አረንጓዴ የሆነው ግን በረዶ ነው። በረዶ የደረሰ ገብስ ካገኘ ፍሬውን አራግፎ ገለባ ያስታቅፋል።

በሚካኤል ዕለት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ያ ደመና በጉና በኩል መጣ። እናቴ ማጭዷን አነሣች። እኔ ባለሁበት ደረቅሁ። በእኛ አገር በዓል ሽሮ ማጭድ የያዘ ሰው ካለ በረዶውን ያመጣው እሱ ነው፤ የመንደሩ አዝመራ ሁሉ በእሱ ይጠየቃል። ከዚያ ወዲያ ወንፈል የሚመጣለት፣ እሳት የሚጫጫረው ጎረቤት አያገኝም። ወንድ የሌለን ሁለት ሴቶች እንዴት እንኖራለን?

ጎረቤታችን አያ ታደገ ከጉብታው ላይ ሆነው ጮኹ።

«አንቺ ጥሩወርቅ! ዛሬ ሚካኤል እኮ ነው! በረዶ ልታወርጅብን ነው?»

«ከሚካኤል ጋር እኔ እታረቃለሁ፣ አያ ታደገ። ከረሃብ ጋር ማን ያስታርቀኛል?» አለች እናቴ፤ ቀና እንኳ አላለች።

እሷ ታጭዳለች፤ እኔ ነዶውን እያሰርሁ ማሳው ዳር ወዳለው ጎጆ አግዛለሁ። ፀሐይ ከደመናው ሥር ስትገባበት አረንጓዴው ሆዱ እርድ መሰለ፣ እርዱም ቆይቶ ወደ ደም ተለወጠ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ጉብታው ላይ ወንዶች ዱላቸውን ተመርኩዘው ተሰብስበዋል። የሚያዩት ደመናውን አልነበረም፤ እኛን ነበር። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ ነዶውን ትቼ ወደ እናቴ ተጠጋሁ።

አንዲት የበረዶ ፍሬ ማጅራቴን መታችኝ። ደግሞ ሌላ። ወንዶቹ ቁልቁለቱን መውረድ ጀመሩ። እናቴ ያን ጊዜ ማጭዷን ጥላ ከኋላዋ ሸሸገችኝ።

ነፋሱ ዞረ። ደመናው ሸለቆውን ተሻግሮ ማዶ ባለው መንደር ላይ ነጭ መጋረጃ ጣለ። አያ ታደገ አጠገባችን ደርሰው ቆሙና «ሚካኤል ማረሽ» አሉ። ዱላቸውን ግን እንደጨበጡ ነበሩ።

ወዲያው ከማዶ እሪታ ተሰማ። በማግሥቱ የእኛ ሰዎች ከዚያ መንደር በዓል የሻረው ማን እንደሆነ አጠያየቁ። ማንም አልነበረም። ሁሉም በዓሉን አክብረው ስለተቀመጡ አንድ ነዶ እንኳ አልተረፈላቸውም። እናቴ ይህን ስትሰማ አለቀሰች፤ ካጨድነውም ለዘር የሚሆን እዚያ ለምታውቃት መበለት ላከች።

«እምዬ፣ እንግዲህ ምክንያቱን አወቅሽ፤ ከአሁን በኋላ ደመና አትፈሪም አይደል?» አለችኝ የልጅ ልጄ።

«አልፈራም» አልኋት። ወደ መጽሐፏ ተመለሰች። ውጭ ሰማዩ ቀልቷል። እኔ ግን በሩን ከፍቼ ስወጣ ቀና ብዬ አላየሁትም፤ ያየሁት ማዶ ጉብታው ላይ ዱላ የያዘ ሰው ቆሞ እንደሆነ ነው።