ከዘራው ያለበት ዘፈን

የመጀመሪያ አልበማችንን የቀረፅነው አዘዞ ነው፤ በጊታር ተጫዋቻችን ግቢ፣ ድሮ ከሰልና ሽንኩርት ይቀመጥባት በነበረች የጭቃ ክፍል። ግድግዳዋ ላይ አሮጌ ፍራሽ ቸንክረናል። ፍራሽ ድምፅ ያፍናል ያላችሁ ሰው ካለ ውሸቱን ነው። ከግድግዳው ማዶ የሚኖሩት ሽማግሌ አንዲት ስንኝ አታመልጣቸውም ነበር።

አያ እንላቸዋለን። ከመካነ ብርሃን ልጆቻቸው ናቸው ያመጧቸው፣ ከነሚስታቸው። ድራሙ ሲበዛባቸው ግድግዳውን በከዘራቸው ይመቱታል። ዷ፣ ዷ፣ ዷ! በር ላይ ስንገናኝ ደግሞ ይይዙኛል።

«አንቺ ልጅ፣ ድምፅሽስ ሸጋ ነው። ያን ጎረምሳ ምነው በርሜል ታስደበድቢዋለሽ?»

«አያ፣ ሙዚቃ እኮ ነው።»

«ነው? እኔ ጣራ የሚያነሳ መስሎኝ።»

እውነቱን ለመናገር ድራመራችን ይቸኩላል። ረጋ የሚለው አያ ሲመቱ ነበር።

ዘፈኖቹን ጨርሰን ልንለቃቸው ስንል፣ እኔ ከሁሉም አብልጬ በምወደው ቀስ ባለው ዘፈን ውስጥ፣ ትንፋሽ የምወስድባት ቦታ ላይ የአያ ከዘራ ገብቶ ተገኘ። እንደገና እንቅረፀው ተባባልን። በማግስቱ አያ ሞቱ። አልታመሙም፤ ቁርሳቸውን በልተው ጋደም እንዳሉ ቀሩ።

ድንኳን ተከልን፣ ወንበር ተሸከምን፣ ውሃ ቀዳን። ከዚያ ዝም። ለቅሶ ቤት አጠገብ ድራም አይመታም፤ ይህን ማንም ሊነግረን አላስፈለገም። ድራመሩ ዱላዎቹን በፌስታል ጠቅልሎ ወደ ቤቱ ወሰዳቸው። ዘፈኑን ሌላ ቦታ እንዳንቀርፀው ድምፁ ከሌሎቹ ዘፈኖች ጋር አይገጥምም፤ የዚያች ክፍል ድምፅ የዚያች ክፍል ብቻ ነው። እኔ ደግሞ መጠበቅ ያመኛል። አርባው እስኪወጣ እንዴት ልቻል? ለአንዲት ዘፈን ብቻ፣ ቀስ ብለን እንድንጫወት ባለቤታቸውን ፈቃድ ልጠይቅ ተነሳሁ።

«አታፍሪም?» አሉኝ የባንዳችን ልጆች።

አፍሬያለሁ። ግን ሄድኩ።

እማማ ጥቁር ለብሰው መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ገና አፌን ሳልከፍት፣

«ምነው ዝም አላችሁ?» አሉኝ።

«ለቅሶ ላይ ነዎት ብለን ነው፣ እማማ።»

«እናንተ ዝም ስትሉ ቤቱ ሰፋብኝ።»

ያሰናዳሁት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ። «አንድ ዘፈን ተበላሽቶብን…» ብቻ አልኩ።

«እስቲ አሰሚኝ።»

«ኧረ እማማ! ሰው ምን ይላል?»

«በዚያ ጆሯችሁ ውስጥ በምትወትፉት አድርጊልኝ። ጆሮዬን ማን ያየዋል?»

ኢርፎኑን ከነጠላቸው ስር አስገባሁላቸው። አንዱ ለእሳቸው፣ አንዱ ለእኔ። ሽቦው አጭር ነው፤ ጉንጫችን ሊነካካ ምንም አልቀረው። የራሴን ድምፅ መስማት ስለማልወድ ዓይኔን መሬት ላይ ተከልኩ። ከዘራው እንዳለበት ረስቼው ነበር ብል ማን ያምነኛል? ግን ረስቼው ነበር።

ዷ፣ ዷ፣ ዷ።

እማማ እጄን ጭምቅ አድርገው ያዙት። ዘፈኑ አልፎ ሄደ፣ እሳቸው አልለቀቁኝም። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አስለቀስኳቸው ብዬ ደነገጥኩ። ቀና ስል እየሳቁ ነው፤ እንባቸው እየወረደ እየሳቁ።

«አየሽው? ‹ኧረ ልጆቹን ተዋቸው› እለው ነበር እኮ። እዚያም ገብቶ አላርፍ አለ!» የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው አነሱ። «የተበላሸው የቱ ጋ ነው?»

«የትም» አልኩ። «ምንም አልተበላሸም።»

«እንግዲያው መልሺልኝ።»

መለስኩላቸው።

አልበሙን የለቀቅነው ከአርባው በኋላ ነው፣ ከነከዘራው። ጠበቅኩ፤ እኔ! እስከዚያው ከሰዓት በኋላ እየሄድኩ መደቡ ላይ አጠገባቸው ቁጭ እላለሁ። እሳቸው ገና ሳይናገሩ ነጠላቸውን ከጆሯቸው ገለጥ ያደርጉልኛል።